ያቺ ጉጉት እኔ ነበርኩ

ልጅ እያለሁ ጉጉት ነበርኩ። አትሳቁ፣ የምሬን ነው። በንጉሡ ዘመን፣ ጭድ ተራ፣ በአባቴ የጭድ መጋዘን ውስጥ፣ እኔ የጭድ ነጋዴው የሰይድ ልጅ ዘሃራ የጫካ ሊቅ ሆኜ ነበር። መነጽር ነበረኝ፤ ከሽቦ የተጠመዘዘ፣ መስታወት የሌለው። ክንፍም ነበረኝ፤ ከጆንያ የተቆረጠ፣ የዶሮ ላባ የተሰፋበት። ላባውን የለቀምኩት ዶሮ ከሚሸጥበት ነው፤ ጠረኑ ከእጄ እስኪለቅ ስንቴ ታጠብኩ መሰላችሁ! ይህን ሳወራ የሚስቅ አለ። ይሳቅ። እኔን እስካሁን አላሳቀኝም።

የእኔ ዘመን የመርካቶ ልጆች ጭድ ተራን ታስታውሱታላችሁ። ጠዋት ጠዋት አህዮቹ ከከተማው ዳር ይመጣሉ፤ አህያው አይታይም፣ ጆሮና እግር ያወጣ የጭድ ክምር ነው የሚሄደው። ጭዱ ፀጉራችን ውስጥ ነው፣ አንገታችን ውስጥ ነው፣ ወጡ ውስጥ ነው። እናቴ ማታ ሻሼን አውርዳ ስታራግፈው ለአንድ ጥጃ ራት የሚሆን ይወጣው ነበር። ንፋሱ በበርበሬ በረንዳ በኩል የመጣ ዕለት ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ያነጥሳል፤ ይማርሽ የሚል ሰው አይገኝም፣ ሁሉም በየራሱ እያነጠሰ ነዋ። ያ የደረቅ ጭድና የበርበሬ ጠረን ዛሬም ድንገት ሲመጣብኝ መጀመሪያ ደስ ይለኛል። ወዲያው ደግሞ መስኮቱን እዘጋለሁ።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነበር፤ ከጀርባው የጭድ መጋዘኑ፣ በመሀል አንድ የጭቃ ግድግዳ። አባባ በልጅነቱ ከወሎ የመጣ፣ ቀኑን ሙሉ ጭድ ከሚያመጡት ባላገሮች ጋር ሲከራከር ውሎ ድምፁ ተዘግቶ የሚገባ ሰው ነበር። ያሳደጉት ታላቅ እህቱ ናቸው፤ እትዬ ሀዋ እንላቸው ነበር፣ አብረውንም ይኖሩ ነበር። በዚያ ቤት ሁላችንን የሚያዘው አባባ ነው፤ አባባን የሚያዙት ደግሞ እትዬ ሀዋ ናቸው። እናቴ ለጋ ሆና ተድራ የገባች፣ እትዬ ሀዋ ባሉበት ጮክ ብላ እንኳ የማትስል ሴት ነበረች። ከእኔ በታች ኑሩ አለ፤ ገና ቁርአን ቤት ያልገባ፣ የቀሚሴን ጫፍ ይዞ የትም የሚከተለኝ ልጅ። እንዴት እንደምወደው! የወለቀ የፊት ጥርሱን ጉድጓድ በምላሱ እየነካ ሲስቅ የተቆጣሁትን እረሳው ነበር።

ትምህርት ቤት የገባሁት በስንት ልመና ነው። እትዬ ሀዋ «ሴት ልጅ ፊደል ቆጥራ ማንን ልትዳኝ ነው?» እያሉ ዓመቱን ሙሉ አባባን ሲነዘንዙት ከረሙ። አባባ ግን ለአንድ ነገር ልቡ ይሸነፍ ነበር፤ ማታ ማታ እኔ ጮክ ብዬ ሳነብለት። ምን እንደማነብ ግድ አልነበረውም፤ የሳሙና ካርቶን ላይ ያለውንም ባነብለት ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማኛል። እናም ከእህቱ ጋር እንዲህ ብሎ ተስማማ፦ ልጅቷ ትማር፣ ስሟ በክፉ የተነሳ ዕለት ግን ያበቃል። እኔም ሰማሁ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ቀና ብዬ እንኳ አልሄድም ነበር፤ አንድ ሰው አንድ ነገር እንዳይልብኝ ብዬ።

ጉጉቷን ያገኘኋት በንባብ መጽሐፋችን ውስጥ ነው። ከውጭ አገር ተረት የተመለሰ ነው ይባል ነበር፤ ሥዕሉም ያሳብቅበታል፣ ዛፉ የእኛን ዛፍ አይመስልም። ጫካ ውስጥ ምንጭ ይደርቅና እንስሳቱ በቀረችው ጥቂት ውኃ ይጣላሉ። አንበሳው ለእኔ ይላል፣ ዝሆኑ ለእኔ ይላል። በመጨረሻ ተያይዘው ወደ ጉጉቷ ይሄዳሉ። ጉጉቷ ባረጀ ዛፍ ፍልፍል ውስጥ መነጽሯን አድርጋ፣ ትልቅ መጽሐፍ ገልጣ ተቀምጣለች። አትቆጣም፣ አትቸኩልም። እያንዳንዱን «አንተ ከጠጣህ በኋላ ማን ይጠጣል?» እያለች ትጠይቀዋለች። አንበሳው እንኳ አፍሮ መሬት መሬት ያያል። እኔን የገደለኝ ግን ጥበቧ አልነበረም። መልስ እስክትሰጥ ድረስ ሁሉም ዝም ብሎ መጠበቁ ነው። ሥዕሉ ላይ ዝሆኑ ጆሮውን ወደ እሷ ዘርግቷል። እኔን በሕይወቴ ማንም እንደዚያ ጠብቆኝ አያውቅም ነበር፤ ማታ ማታ ከአባባ በቀር።

ለወላጆች በዓል ይህንን ተረት በትያትር ልናሳይ ሆነ። አስተማሪያችን ጋሼ አሰፋ ወጣት ነበር፤ ሱሪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሲናገር እጁን የሚያወናጭፍ። ሚዳቋ፣ አንበሳ፣ ጥንቸል፣ ሁሉም በሽሚያ አለቀ። «ጉጉት የሚሆን?» ሲል አንድም እጅ አልወጣም። ለእናንተ መንገር የለብኝም፤ ጉጉት ቤት አጠገብ ጮኸች ማለት ከዚያ ቤት ሰው ጠራች ማለት ነው። ስሟን የሚያነሳ ልጅ አፉን ይመታ ነበር። ከኋላ አንዱ ልጅ «በራሷ!» ብሎ ተፋ፣ ሌላዋ አማተበች። ጋሼ አሰፋ ሳቀ። «ይህ የኋላ ቀር ወሬ ነው፤ በሠለጠነው ዓለም ጉጉት የጥበብ ምልክት ናት፤ እናንተስ እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትሆኑት?» አለ። እኔ እጄን አወጣሁ። ጎበዝ ስለሆንኩ አይምሰላችሁ። ጉጉቷ ከሁሉም ይበልጥ ትናገራለች፤ አባባ ደግሞ በዓሉን ሊያይ ቃል ገብቶልኝ ነበር። አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ዝም ብሎ ልጁን ሲሰማት ካየ፣ ወደሚቀጥለው ክፍል ስለ ማለፌ እትዬ ሀዋ የሚሉትን አይሰማም ብዬ ነበር ያሰብኩት። ያ ብቻ ነበር ሐሳቤ።

ድምፁን ያስተማረኝ ራሱ ጋሼ አሰፋ ነው። ይህንን አጥብቄ የምናገረው በኋላ ስለምፈልገው ነው። ከክፍል አስቀርቶኝ ሁለት መዳፎቹን ገጠመ፣ በአውራ ጣቶቹ መሀል ትንሽ ቀዳዳ ተወ፣ በዚያ እፍ አለበት። ኡሁሁ አለ። ጠጉሬ ቆመ። «ልጅ ሆኜ ከብት ስጠብቅ የተማርኩት ነው» አለኝና ጣቶቼን በጣቶቹ አስተካክሎ ገጠመልኝ። መጀመሪያ አየር ብቻ ወጣ። ደግሞ ፉጨት ወጣ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ እውነተኛዋ ወጣች። እሱ ራሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ አጨበጨበ። ሰው ሲያጨበጭብልኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ የመጨረሻዬም መሰለኝ።

ቤት መለማመድ አይታሰብም። ስለዚህ ወደ ማታ፣ ባላገሮቹ ሲሄዱና አባባ ለመግሪብ ሶላት መስጊድ ሲወጣ፣ ወደ መጋዘኑ እገባ ነበር። ጭድ ድምፅ ይበላል፤ ያን ጊዜ መጋዘኑ እስከ ቆርቆሮው ድረስ የተሞላ ነበር። ብትጮህበትም በጭዱ ውስጥ ይቀራል። ኑሩ ጭድ ላይ ተንጋሎ ሕዝብ ይሆንልኛል። አንበሳም እሱ ነው፣ ዝሆንም እሱ ነው፣ ጥንቸልም። ስጮህ አይፈራም ነበር፣ «ድገሚው» ነው የሚለኝ። ለማንም እንዳይናገር አስምዬው ነበር፤ ምስኪን፣ ማህላውን ጠብቋል።

ግንቦት ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። ክረምት ሳይመጣ ቤቱን የሚመርግ ሁሉ ጭድ ይሻማል፤ ጭቃ ያለ ጭድ አይይዝማ። መጋዘናችን በጥቂት ቀን ውስጥ ተራቁቶ ወለሉ ታየ። አባባ ደስ ብሎታል፤ ለእኔ አዲስ ጫማ ለበዓሉ፣ ለኑሩ ከረሜላ ይዞ ገባ። ኑሩ ከረሜላውን አልበላውም። ትኩሳት ነበረው። በማግሥቱ ፊቱ ላይ ሽፍታው ወጣ።

ኩፍኝ ነው። ያን ጊዜ ኩፍኝ ያልገባበት ቤት አልነበረም፤ የሚደረገውንም ሁሉም ያውቀዋል። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋረደ። ሽታ እንዳይነካው ሽንኩርት መጥበስ ቀረ፣ ከበርበሬ በረንዳ በኩል ያለው የበር ስንጥቅ በጨርቅ ተወተፈ። እኔ ከውጭ ስለምመጣ ወደ ውስጥ ክፍል እንዳልገባ ተከለከልኩ። እናቴ ብቻ ከጎኑ አትለይም። ሽፍታው ሲከስም ይሻለዋል ብለን ስንጠብቅ ትንፋሹ ያጥረው ጀመር፤ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ደረቱ ሲያፏጭ እሰማው ነበር። አባባ የሰፈሩን ድሬሰር፣ መርፌ ወጊውን፣ ጠራ። ድሬሰሩ ጆሮውን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰማና ነገ ዛሬ ሳትሉ ሐኪም ቤት ይግባ፣ ሳንባው ነው አለ። አባባ ወጥቶ ባለጋሪውን ጋሼ ደምሴን ለጠዋት ቀጥሮ መጣ። ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ። ነገ ኑሩ ሐኪም ቤት ይሄዳል። ልቤ ቀለል አለኝ።

በዚያው ዕለት አመሻሽ መጋዘን ገባሁ። በዓሉ ቀርቧል፤ እቤት ደግሞ ማንም አጠገቤ አይደለም፣ ሁሉም በኑሩ ተይዟል። ያለ ሕዝብ ነበር የተለማመድኩት። ባዶው መጋዘን ድምፄን አልበላውም፤ ቆርቆሮው መልሶ ሰጠኝ። እንዴት ያምር ነበር! ደገምኩት።

ወደ ቤት ስገባ እትዬ ሀዋ ምድጃው ላይ ጨው እየበተኑ አገኘኋቸው። ጨው ተንጣጣ። ሁለት የጎረቤት ሴቶች በር ላይ ቆመዋል፣ አንዷ አፏን ይዛለች። «በራስሽ! በራስሽ! ሟርትሽ በራስሽ ይሁን!» ይላሉ እትዬ ሀዋ ወደ ጣሪያው እያዩ። ወዲያው ነው የገባኝ። «እትዬ ሀዋ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። «መጋዘን ሆኜ ነው፣ የትምህርት ቤት ነው፣ በእጄ ነው።» ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም። አንደኛዋ ጎረቤት ወደ ደጅ ገፋ አደረገችኝ፤ ልጅ በክፉ ሰዓት መሀል አይገባም አለች። ደግሜ ተናገርኩ፣ አሁን እያለቀስኩ። «ይቺን ልጅ ዝም አስብሏት!» አሉ እትዬ ሀዋ።

ጠዋት ጋሪው መጣ። የፈረሱን ቃጭል ሰምቼ ወጣሁ። እናቴ ኑሩን በጋቢ ጠቅልላ ታቅፋ ከመጋረጃው ኋላ ቆማለች። አባባ ጫማውን አድርጓል። እትዬ ሀዋ ግን ክንዳቸውን ዘርግተው በሩን ይዘዋል። ጉጉት የጠራችው ልጅ ደፍ ካለፈ አይመለስም ይላሉ፤ ሦስት ቀን ከጣሪያ ሥር ቆይቶ ሟርቱ ይለፈው፣ ከዚያ ወዲያ ወደፈለጋችሁበት ውሰዱት፤ ዛሬ ካወጣኸው ግን በገዛ እጅህ ሰጠኸው። አባባ «ድሬሰሩ እኮ...» ይላል። ያሳደጉት እህቱ ያለቅሳሉ። ክፋት አልነበረም፣ ይህንን ልመስክር፤ ኑሩን ከራሳቸው ነፍስ አስበልጠው ይወዱት ነበር። የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ረግሜ እገላገል ነበር።

ሮጬ አባባ እግር ሥር ወደቅሁ። ጉጉት የለም፣ እኔ ነኝ፣ ወላሂ እኔ ነኝ አልኩት። አባባ ጎንበስ ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ዛሬም አልረሳውም፤ ሊያምነኝ ፈልጎ ነበር። እንደ ማታው፣ ሳነብለት እንደሚሆነው ሆነ። «እስቲ እንዳደረግሽው አድርጊው» አለኝ። «አድርጊውና እትዬ ሀዋም ይስሙ፣ እንሂድ።» ባለጋሪው ጋሼ ደምሴም ልጓሙን ይዞ ቆሞ ያያል። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቷል። መዳፎቼን ገጠምኩ። አየር ብቻ ወጣ። «ይኸው!» አሉ እትዬ ሀዋ። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ አውራ ጣቶቼን እንደተማርኩት አስተካከልኩ፣ ያለኝን ትንፋሽ ሁሉ ሰጠሁት።

ኡሁሁ አለች። እንደዚያ ቀን አድርጌ ጮኼ አላውቅም። ፈረሱ ጆሮውን አቆመ። ሰዎቹ የአንድ ፍሬ ልጅ ጣት እንዲህ ያለ ድምፅ አያወጣም ብለው አሰቡ መሰለኝ፤ ዓይናቸው ሁሉ አፌ ላይ ነበር፣ እጄን ያየልኝ የለም። መጀመሪያ የጮኸችው ያቺው ማታ በር ላይ አፏን ይዛ የነበረችው ጎረቤት ናት፤ «ጉጉቷ በአፏ ገባች!» አለች። ከዚያ ሁሉም በአንዴ ተንጫጫ። በቀን! በጠራራ! በደጃቸው! እትዬ ሀዋ «አዑዙ ቢላህ» እያሉ ነጠላቸውን ፊቴ ላይ ጣሉብኝ። ጋሼ ደምሴ አማተበ፤ «ሰይድ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ፣ እኔም የልጆች አባት ነኝ» ብሎ ጋሪውን አዞረ። አባባ ወደ እኔ መጣ። ይደግፈኛል ብዬ ነበር። በጥፊ መታኝ። ከዚያ ቀን በፊት እጁን አንስቶብኝ አያውቅም።

ጋሪ እኮ እዚያው ሰባተኛ ሰፈር ሞልቶ ነበር! በእግርም ቢሆን ተሸክሞት መሄድ ይችል ነበር፤ ጭድ ተሸክሞ ያደገ ትከሻ ነው። አልሄደም። ሦስቱን ቀን እንጠብቅ ተባለ። ኑሩ ሦስቱን ቀን አልጠበቀም።

ሐኪም ቤት ቢገባ ይድን ነበር ወይ? አላውቅም። ያን ጊዜ ሐኪም ቤት ገብተው ያልተመለሱ ብዙ ነበሩ። እዚያም ይሞት ይሆናል። ግን ማንም ሊነግረኝ አይችልም፣ እና ይህ አለማወቅ ነው እስከ ዛሬ አብሮኝ የሚያድረው። እኔ አልገደልኩትም። ይህንን ለራሴ ለማለት ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ብታውቁ! ልጅ ነበርኩ፣ የታዘዝኩትን አጠናሁ፣ እውነቱን ሳልደብቅ ተናገርኩ፣ አሳዪ ሲሉኝ አሳየሁ። ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል? ያቺ የመጽሐፉ ጉጉት ራሷ ብትሆን ከዚህ ሌላ ምን ታደርግ ነበር?

ለቅሶው ላይ ጋሼ አሰፋ መጣ። ሱሪው እንደተተኮሰ ነው። ከወንዶቹ ጋር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ልቤ ዘለለ፤ አሁን ይነግራቸዋል፣ እጁን ገጥሞ ያሳያቸዋል፣ ሰው ሁሉ አይቶ ይገባዋል አልኩ። በሩ አጠገብ ቆሜ ዓይኑን ለመያዝ ሞከርኩ። አባባ በዚያ በተዘጋ ድምፁ ጠየቀው፦ «ልጆቻችንን ጉጉት የምታስተምሩት እናንተ ናችሁ ወይ?» ጋሼ አሰፋ ዙሪያውን አየ። ያ ሁሉ ሐዘንተኛ ሽማግሌ ያየዋል። «እኛ የምናስተምረው መጽሐፉ ላይ ያለውን ብቻ ነው፤ ድምፁን ከየት እንዳመጣችው እኔ አላውቅም» አለ። ከዚያ ውኃ ጠጣ። ሲወጣ በአጠገቤ አለፈ፣ አላየኝም። የሠለጠነው ዓለም ሰውዬ! ክፍል ውስጥ በእኛ በልጆች ላይ ነበር ጀግንነቱ።

ወደ ትምህርት ቤት አልተመለስኩም። ማንም «አትሄጂም» ብሎ እንኳ አልነገረኝም፤ ጠዋት ቦርሳዬን ከሚስማሩ ላይ አጣሁት፣ በቃ። በበዓሉ ቀን ጉጉቷን በርግብ ቀየሯት ሲሉ ሰማሁ። ርግብ ስለ ውኃ ምን ታውቃለች ብዬ እንደ ሞኝ ተናደድኩ። እኔ ጭድ ስሰፍር አደግሁ። የሰፈሩ ልጆች ሳልፍ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ኡሁሁ» ይሉኛል፤ አንዳቸውም ድምፁን አያወጡትም፣ አየር ነው። እርጉዝ ሴት ስታየኝ መንገድ ትቀይራለች። ሊያጩኝ የመጡት ሰዎች ከሩቅ አገር የመጡ፣ ወሬውን ያልሰሙ ነበሩ። አባባ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ማታ አንድም ቀን አንብቢልኝ ብሎኝ አያውቅም። እኔም አልጠየቅሁትም። እስኪሞት ድረስ በመሀላችን የነበረው ሰላምታ ብቻ ነው። ማንበቡን በኋላ፣ ልጆቼን አሳድጌ፣ በማታ ትምህርት ነው የቀጠልኩት፤ ዛሬ ይህንን የምጽፈው በዚያ ነው።

ዛሬ መርካቶ ብትሄዱ ጉጉት በጅምላ ይሸጣል። የልጆች ቦርሳ ላይ ጉጉት፣ የውኃ ኮዳ ላይ ጉጉት፣ ፒጃማ ላይ መነጽር ያደረገች ጉጉት። እናቶች ተከራክረው ይገዛሉ። በራስሽ የሚል የለም፣ ጨው የሚበትን የለም። የልጅ ልጄን ልደት ስናከብር ኬኩ ላይ ሁለት ዓይኗን አፍጥጣ መጣች። ሰው ሁሉ «ውይ ስታምር!» አለ። እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ ገባሁ። ምን ልበላቸው? ባለፈው ዘመን ሞት የነበረች ወፍ አሁን ጌጥ ሆናለች፤ ሳይነግሩን፣ ይቅርታም ሳይጠይቁን።

እናቴ ረጅም ዕድሜ አግኝታ በመጨረሻ እኔ ጋ ነበር የኖረችው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ቴሌቪዥን ከፍተው ጉጉት የምታስተምርበት የልጆች ፊልም ያያሉ። እኔ ምስር እለቅማለሁ። እናቴ ዓይኗ ደክሟል፤ ምስሉን አታየውም፣ ድምፁን ብቻ ነው የምትሰማው። ጉጉቷ ስትጮህ ራሷን ነቀነቀች።

«ያንቺ ይሻል ነበር» አለች።

እጄ ምስሩ ላይ ቀረ። «የቱ፣ እማ?»

«መጋዘን ውስጥ የምትጮኺው ነዋ። ጭዱ እያለ እንኳ በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር። ኑሩ ድገሚው ሲልሽ እስቅ ነበር።» ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «ያን ቀን አመሻሽም አንቺ ነበርሽ። የልጄን ድምፅ አጣዋለሁ እንዴ?»

ታዲያ ለምን አልተናገርሽም አልኳት። ድምፄ እንደ ልጅ ቀጥኖ ነው የወጣው። «ሀዋ ባሉበት ቤት እኔ መቼ ተናግሬ አውቃለሁ?» አለችኝ፤ እንደ ቀላል ነገር፣ ስለ ሌላ ሴት እንደምታወራ ሁሉ። ከዚያ ብርድ ብርድ አለኝ አለች፤ ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ አደረግሁላት። ልጆቹ ድምፁን ጨመሩት።

ዛሬ የልጅ ልጄ አንድ ነገር ስትናገር አባቷ ስልኩን አስቀምጦ ይሰማታል። ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም፣ ይቆጨኛልም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የተጽናናሁት በአንድ ነገር ነበር፦ በዚያ ቤት እውነቱን የሚያውቅ ማንም አልነበረም፣ ስለዚህ የሚያምነኝም ሊኖር አይችልም ነበር እያልኩ። የሚያውቅ ግን ነበር። እናቴ ኑሩን ታቅፋ ከመጋረጃው ኋላ ቆማ ነበር።